ለካርድ ክፍሉ ያስቀመጥኩት ገደብ

ሥራ የጀመርኩት ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው፤ አምቦ ውስጥ፣ በአንድ የልማት ድርጅት። ስሙን አልጽፈውም፤ ዛሬ ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹም በየፊናቸው ተበትነዋል። ድርጅቱ አንድ ክሊኒክ፣ አንድ የሙያ ትምህርት ቤትና አንድ የመዛግብት ክፍል ነበረው። እኔ የተቀጠርኩት በጀማሪ የኮምፒውተር ቴክኒሻንነት ነው። ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ አስለብጬ፣ አዲስ ካቻቢቴ በቦርሳዬ ይዤ፣ ከመግቢያ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ።

የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ። ሲመጡ እጄን ጨብጠው የየት አገር ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የካቺሲ ልጅ ነኝ አልኳቸው። ካቺሲ ሩቅ ስለሆነ በየሳምንቱ ቤቴ ካልሄድኩ ብዬ እንደማላስቸግራቸው ተናገሩና ደስ አላቸው። ዲፕሎማዬን ሳያዩት አንድ የቀለም ብሩሽ ሰጡኝ። ያን ቀን አሥራ አራት ኮምፒውተር ከፍቼ አቧራ ስጠርግ ዋልኩ። ካቻቢቴዬ አዲስነቱን አጣ፣ እኔም ትምህርቴ ከንቱ የቀረ መስሎኝ ከፋኝ።

ኦቦ ዲንሳ ኮምፒውተር የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ ነው። ቀድሞ ሬዲዮና ጄኔሬተር ጠጋኝ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ስለሚያገለግሉ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሲቆጡም አይጮኹም፣ መነጽራቸውን አውልቀው ደጋግመው ይጠርጋሉ። መነጽሩ ሲጠረግ ካየሁ የሆነ ነገር እንዳበላሸሁ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ያ መነጽር እንደ መስታወት ጠርቶ ከረመ።

ድርጅቱ በጉደርና በጌዶ ትንንሽ ቅርንጫፎች ነበሩት። ወደዚያ በሚኒባስ የምመላለሰው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የጌዶዋ ጸሐፊ ኮምፒውተሯ በሠራ በአንድ ሰዓቱ ይጠፋባታል። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። የኃይል ማከፋፈያውን ቀየርኩ፣ ሶፍትዌሩን እንደገና ጫንኩ፤ እኔ ስቀመጥበት አይጠፋም፣ አምቦ ስመለስ ይጠፋል። ኦቦ ዲንሳ ጸሐፊዋ እኔ ስሄድ ምን እንደምታደርግ ጠየቁኝ። አራተኛው ጊዜ ሳልነግራት ሄድኩ። ለካ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ከላይ እስከ ታች አልብሳው ነው የምትሠራው፤ አየር ማስገቢያው ተደፍኖ ይግላል። ቴክኒሻን ሲመጣ ግን ለእንግዳ ክብር ብላ ዳንቴሉን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ታስገባለች። ዳንቴሉ ያምር ነበር። ለጠረጴዛው አደረገችው።

በአራተኛው ዓመት ቴክኒሻን ተባልኩ። በዚያው ዓመት ከውጭ ለጋሾች አንድ ትልቅ ሰርቨር መጣልን። እስከዚያ ድረስ ክሊኒኩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መዛግብት ክፍሉም ለየብቻቸው አሮጌ ኮምፒውተር ነበራቸው። ኦቦ ዲንሳና እኔ ሦስቱንም ወደ አዲሱ ሰርቨር አስገባናቸው። አንዱ ብረት ውስጥ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ፈጠርን፤ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ የቆመ ኮምፒውተር ይመስላል፣ እውነተኛው ዲስክ ግን የጋራ ነው።

ይህንን ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ሰለሞን ማስረዳት ነበረብኝ። አቶ ሰለሞን ሥራ ወዳድ፣ ፈጣን ሰው ናቸው፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አይታገሡም። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራይ አለ እንበል አልኳቸው። ክፍላቸው የየራሳቸው ነው፣ ቧንቧው ግን አንድ ነው። አንዱ በርሜል ደቅኖ ቧንቧውን ከያዘው ሌሎቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ይቆማሉ። እሳቸውም ተከራይተው ስላደጉ ወዲያው ገባቸው።

በርሜል የያዘው ተከራይ መዛግብት ክፍሉ ነበር። በርዕሳቸው ላይ አሁንም የአምቦ የድሮ ስም፣ ‹ሀገረ ሕይወት›፣ የተጻፈባቸውን አሮጌ ደብዳቤዎችና ካርታዎች በስካነር ወደ ኮምፒውተር ያስገባሉ። አንዱ ምስል ትልቅ ነው። ስካነሩ ሲሠራ የትምህርት ቤቱ የውጤት ማሽን ይፈዛል፣ መምህራኑም ይጮኻሉ። አቶ ሰለሞን ለእያንዳንዱ ማሽን ገደብ እንዲደረግለት አዘዙ። ክሊኒኩ የካርድ ሥራውን በኮምፒውተር የሚጀምረው በቀጣዩ ሰኞ ስለነበር ገደቡ እስከ ዓርብ እንዲያልቅ ፈለጉ።

የዲስክ ገደብ በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንደኛው በሰከንድ ስንት ሜጋባይት ይለፍ የሚለው ነው። ሁለተኛው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይነበብ፣ ስንት ጊዜ ይጻፍ የሚለው ነው፤ መጠኑን ሳይሆን ምልልሱን ይቆጥራል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ዲስኮቻችን በሰከንድ ወደ አራት መቶ ሃምሳ ምልልስ ይችላሉ፤ ለሦስት አካፈልኩና ለእያንዳንዱ መቶ ሃምሳ ሰጠሁ። እኩል ማካፈል ፍትሕ መሰለኝ።

ኦቦ ዲንሳ የክሊኒኩን ፍላጎት በምን እንደለካሁት ጠየቁኝ። ያልተጀመረ ሥራ አይለካም፣ ግን ሰው መቁጠር ይቻላል አልኳቸው። ሥራው ገና በወረቀት ሳለ አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ከክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ወረፋውን ቆጥሬያለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ። አንድ ካርድ ለመፈለግ የሚያስፈልገውን ምልልስ በሙከራ አውቀዋለሁ። ሳባዛው ከመቶ ሃምሳ በታች ሆነ፣ እንዲያውም ተረፈ። ኦቦ ዲንሳ ወረቀቱን አይተው ፈረሙ። በራሴ ኮራሁ፤ ያን ዓርብ ለራሴ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ገዝቼ ገባሁ።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። የአዲስ ዓለም ልጅ ናቸው፤ በትዳር አምቦ መጥተው ከሃያ ዓመት በላይ በዚያች መስኮት ተቀምጠዋል። በወረቀቱ ዘመን ሰው ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ ከመደርደሪያው መዘው ያወጡት ነበር። ኦሮምኛቸው የአማርኛቸውን ያህል ይፈስሳል። የመጣውን ሁሉ ከነቤተሰቡ ያውቁታል፤ ልጅ ታሞ መጥቶ ሲድን እንደ ራሳቸው ልጅ ይስማሉ። እኔ ገና እንግዳ ሳለሁ ታምሜ ስሄድ ካርድ አውጥተውልኝ፣ ምሳቸውን አካፍለው አብልተውኛል። ጡረታቸው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶት ነበር።

ሰኞ ኮምፒውተሩ ተጀመረ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ያለ ችግር አለፈ። እትዬ ጥሩወርቅ ፊደሎቹን በሁለት ጣት እየፈለጉ ቢሆንም ሠሩ። ቅዳሜ ግን ወረፋው ከበሩ ወጥቶ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። የሕመምተኛ ስም ይጻፋል፣ ስክሪኑ ዝም ይላል፤ ሰው ይጠብቃል፣ ስክሪኑ ዝም እንዳለ ነው። እኔ ያን ቀን ጉደር ነበርኩ። የሰማሁት ሰኞ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው አንዲት እናት የታመመ ሕፃን ይዛ ተራ ሳይደርሳት ቀርቶ ወደ መንደሯ ተመለሰች። ሕፃኑ ሰኞ ዕለት ተመልሶ መጥቶ ዳነ። ቢሆንም አቶ ሰለሞን ይህንን እንደ ቀላል ነገር የሚያልፉ ሰው አልነበሩም፣ ማለፍም አልነበረባቸውም።

ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ችግሩ ከማሽኑ ነው ወይስ ከሰው ብለው ጠየቁኝ። ማክሰኞ ነበር። ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሄጄ የክሊኒኩን ማሽን አየሁት። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ ሜሞሪውም ባዶ ነው። ተመልሼ ማሽኑ ደህና ነው አልኳቸው። አነጋገሬ የባለሙያ ነበር፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እንደነበር ሳይቀር አስታውሳለሁ።

በዚያ አንድ ቃል የእትዬ ጥሩወርቅ ነገር አለቀ። እርጅና ነው፣ ኮምፒውተሩ አልሆናቸውም ተባለ። ወደ መጋዘን ተዛውረው የብርድ ልብስና የሳሙና መዝጋቢ እንዲሆኑ፣ በቦታቸውም ከትምህርት ቤቱ አንዲት ታይፒስት እንድትመጣ ደብዳቤ ተዘጋጀ። ደመወዛቸው አይነካም። የሚነካው ሌላ ነው። መጋዘኑ ከጓሮ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ሰው አይመጣበትም።

አቶ ሰለሞን ግን ክፉ ሰው አይደሉም። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት አንድ ዕድል እንስጣቸው ብለው፣ ለሦስት ቀን ከሥራ በኋላ እንዳሠለጥናቸው እኔን አዘዙ። እትዬ ጥሩወርቅ ሥልጠናው በሰው ፊት እንዳይሆን ለመኑኝ። ቤታቸው እንድመጣ፣ በድርጅቱ ላፕቶፕ እንድናደርገው ተስማማን።

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ጋሽ አሰፋ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር። ላፕቶፑን ላስቀምጥ ስል ጠረጴዛው ላይ አንድ የካርቶን ቁራጭ አየሁ። በእስክሪብቶ ኪቦርድ ተስሎበታል። ፊደሎቹ በተራቸው፣ ቁጥሮቹ ከላይ፣ ረጅሙ ቁልፍ ከታች። ብዙ ከመነካቱ የተነሳ አንዳንዱ ፊደል ደብዝዞ እንደገና ተደምቋል።

«እኔ ነኝ የሳልኩላት» አሉ ጋሽ አሰፋ። «ቢሮ ሄጄ አይቼ ነው፤ አንድም አልሳትኩ። ማታ ማታ እራት ስሠራ እሷ በሱ ትለማመዳለች። ስም እጠራላታለሁ፣ ትጽፋለች።»

እትዬ ጥሩወርቅ ካርቶኑን ከጠረጴዛው አንስተው ወንበር ሥር ከተቱት። አፍረው ነበር። ላፕቶፑን ከፈትኩላቸውና ስም ጠራሁ። ጻፉ። ሌላ ጠራሁ። በዐሥሩም ጣት፣ ወደ ቁልፎቹ ሳያዩ፣ እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ ጻፉ። ከእኔ ይፈጥናሉ። ሃያ ስም ያህል ጠርቼ ላፕቶፑን ዘጋሁት። የማሠለጥናቸው ነገር አልነበረም።

ወደ ቤቴ ስመለስ አሰብኩት። እኚህ ሰው ቀርፋፋ ካልሆኑ የቀረፈፈው ሌላ ነው። ሌላው ደግሞ እኔ ደህና ነው ያልኩት ነው።

ሐሙስ ደብዳቤው ወጣ። ሥልጠናው ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል ብዬ ጽሕፈት ቤት ብጠይቅ፣ አቶ ሰለሞን ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት ፈርመውት ነው የሄዱት አሉኝ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ይላል። አንድ ቅዳሜ ብቻ ቀረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ከእትዬ ጥሩወርቅ ኋላ ቆምኩ። ወረፋው መጣ። የመጀመሪያው ሰው የቆላ ገበሬ ናቸው፤ ሁለት ፍየል ሊሸጡ የመጡ፣ ፍየሎቹም ከአጥሩ ጋር ታስረዋል። «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ሰጡና ከካፖርታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈቱት። ሰባት የቀጠሮ ወረቀት። አንዱ የራሳቸው ነው። ሌላው የጎረቤታቸው የደበላ ሚስት የግፊት መድኃኒት። ሌላው የአንዲት አሮጊት፣ እግራቸው ስለማይችል። ሌላው የወንድማቸው ልጅ አስም። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ ደረደሩት።

ከኋላቸው ያለችው ሴት አምስት ይዛለች። ከእሷ ኋላ ያለው ጎረምሳ አራት።

እዚያው ቆሜ ፊቴ ጋለ። እኔ የካቺሲ ልጅ ነኝ። እናቴ ገበያ ስትሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ከቤታችን ደጅ ይሰበሰባል፤ አንዱ የጨው፣ አንዱ የላምባ፣ አንዱ የኪኒን ይልካታል። የሰው አደራ ሳትይዝ ገበያ የወጣችበትን ቀን አላስታውስም። ከተማ የሚወርድ ሰው ብቻውን አይወርድም፤ መንደሩን በኪሱ ይዞ ነው የሚወርደው። እኔ ግን ከክሊኒኩ በር ላይ ደብተር ይዤ ራስ ቆጠርኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ። ዲፕሎማ ይዤ እናቴን ረሳኋት።

እትዬ ጥሩወርቅ የመጀመሪያውን ስም ጻፉ፣ ወጣ። ሁለተኛውን ጻፉ፣ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ስክሪኑ ዝም አለ። ከጎናቸው መድኃኒት ቤቱም፣ ምርመራ ክፍሉም በዚያው ማሽን ላይ ናቸው፤ የሰባቱም ወረቀት ባለቤት በየክፍሉ ይፈለጋል። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው በሌላው እጃቸው ጣቶቻቸውን ማሸት ጀመሩ። ገበሬውን ቀና ብለው ሳያዩ ዘገየሁብዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አሏቸው።

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጥኩ። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩን አላየሁም። የክሊኒኩ ማሽን ዲስኩን ምን ያህል እንደሚጠብቅ አየሁ። መቶ ሃምሳው ሞልቶ፣ ከኋላው የተከማቸው ጥያቄ ተሰልፏል፤ ልክ እንደ ውጪው ሰልፍ። ፕሮሰሰሩ ሥራ የፈታው ጤነኛ ስለሆነ አይደለም፣ ዲስኩ እስኪፈቀድለት እየጠበቀ ነው። ያንን ማክሰኞ ለት ማየት ነበረብኝ። ማክሰኞ ግን ሰው የለም፣ መጠበቅም የለም፣ እኔም ማየት የፈለግሁትን አይቼ ተመለስኩ።

የመዛግብት ክፍሉን ማሽን ሳየው ደግሞ አንድም አልተጨነቀም። ምልልሱ ጥቂት ነው፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ግን ትልቅ ምስል ይጭናል። ክሊኒኩ ብዙ ትንንሽ ነገር ነው የሚያነብበው፤ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን። እኔ የቧንቧውን ተራ ነው እኩል ያካፈልኩት። አንዱ በየተራው በርሜል ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ጣሳ።

ኦቦ ዲንሳ ጋ ደውዬ ነገርኳቸው። ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ ላይ ነበሩ። ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ አሁኑኑ ቀይሪው፣ ወረቀቱን ሰኞ እንፈርማለን። የክሊኒኩን ገደብ ወደ ሦስት መቶ ከፍ አደረግሁ። የመዛግብቱን የምልልስ ገደብ አነሳሁና በሜጋባይት ገደብኩት። ለዚህ የሚያስፈልገው ትእዛዝ ሁለት መስመር ነው። ማሽኑን ማጥፋት እንኳ አያስፈልግም።

ተመልሼ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ገበሬው ሰባቱንም አግኝተው ሄደዋል። ወረፋው ይንቀሳቀሳል። ስድስት ሰዓት ሳይሆን አለቀ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ባዶውን መስኮት እያዩ ተቀመጡ። ምን እንደሆነ አልገባቸውም። የመጨረሻ ቀኔ ስለሆነ እግዜር አዝኖልኝ ነው አሉኝ። ያን ሰዓት ልነግራቸው ነበረብኝ። ግን ፈራሁ። ደብዳቤው ሳይሻር ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እሑድ ሙሉ ቀን የምናገረውን ስለማመድ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት አቶ ሰለሞን ቢሮ ስገባ ኦቦ ዲንሳ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘሁ። መነጽራቸውን አልጠረጉም። ሁሉንም ተናገርኩ፤ የቆጠርኩትን ወረፋ፣ መቶ ሃምሳውን፣ ሰባቱን ወረቀት።

አቶ ሰለሞን እስክጨርስ ታገሡኝ። «ማሽኑ ደህና ነው ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«ብያለሁ። ሳላውቅ ነው የተናገርኩት።»

«ደብዳቤው ወጥቷል እኮ፣ አያንቱ። ዛሬ ነው የሚዛወሩት።»

«እሱ ይሻር። በእኔ ስም ሌላ ይጻፍ።»

ኦቦ ዲንሳ ወረቀቱ ላይ ፊርማቸው እንዳለበት፣ የሚጻፍ ደብዳቤ ካለ በሁለት ስም እንዲጻፍ ተናገሩ። አቶ ሰለሞን በጣም ተቆጡ። ተቆጥተው ሲያበቁ ጸሐፊያቸውን ጠርተው የዝውውሩን ደብዳቤ አስመለሱ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከፍተኛ ቴክኒሻን የምሆንበት ጊዜም በአንድ ዓመት ተገፋ። ኦቦ ዲንሳም ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው የመጀመሪያቸው ነበር። እስከ ዛሬ ስለሱ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ይህንን ስጽፍ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

እትዬ ጥሩወርቅን ያገኘኋቸው ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው። ዕቃቸውን በፌስታል እየከተቱ ነበር፤ ኩባያቸውን፣ ሹራባቸውን፣ በመስኮቱ ላይ የነበረችውን ትንሽ የማርያም ሥዕል። እንደማይሄዱ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ከዚያ ስለ ገደቡ ነገርኳቸው፣ ቴክኒኩን ትቼ በቀላሉ። እኔ ማሽኑን በቁጥር አስሬው ነበር፣ ቁጥሩ ያነሰው በእኔ ጥፋት ነው፣ እርስዎ በጻፉ ቁጥር ማሽኑ ነው የቆመብዎ አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩት፣ ገልብጠውም አዩት።

«ታዲያ እኔ ደህና ነበርኩ ማለት ነው?» አሉ።

«ደህና ነበሩ፣ እትዬ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው። አሁንማ ከእኔም ይፈጥናሉ።»

ሳቁ፣ ሳቃቸውም መሐሉ ላይ ተበላሸ። «አሰፋ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን በቅባኑግ ሲያሸኝ ከረመ። እጄ ሞተብኝ ብዬው። አልቅሼበታለሁ፣ አያንቱዬ። አንቺው ሄደሽ ንገሪው፤ እኔ ብነግረው ላጽናናው ብዬ የዋሸሁት ይመስለዋል።»

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ጋሽ አሰፋ ግቢው ውስጥ እንጨት ይፈልጡ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ፋሳቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። አልሰደቡኝም። የቤት ሰው ነሽና ግቢ፣ ምሳ ቀርቧል አሉኝ። በላሁ። እንዲህ ያለ ይቅርታ ከስድብ ይከብዳል።

እትዬ ጥሩወርቅ ቀሪውን አንድ ዓመት ከመንፈቅ በዚያች መስኮት ጨረሱ። በመጨረሻዋ ቅዳሜ ከየመንደሩ የሰው ወረቀት ይዘው የሚመጡት ሁሉ ዕንቁላልና ማር አምጥተውላቸው ካርድ ክፍሉ ገበያ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰርቨር ላይ ብዙ ገደብ አስቀምጫለሁ። ለአጭር ጊዜ ከገደብ በላይ መሄድ የሚፈቅድ ሶፍትዌር ሲመጣም መጀመሪያ የተጠቀምኩት ለካርድ ክፍሎች ነው፤ የገበያ ቀን ግፊት ለጥቂት ሰዓት መጥቶ ይሄዳልና። በሥሬ ለሚሠሩ ቴክኒሻኖች ሁለት ነገር አስተምራለሁ። ምልልስና መጠን የተለያዩ ናቸው፤ የትኛው ማሽን በየትኛው እንደሚጎዳ ሳታውቁ አትገድቡ። አንድ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ ቁጥሩ የሚያርፍበት መስኮት ዘንድ፣ ከሠራተኛው ጎን፣ ሥራ በሚበዛበት ቀን ቁሙ።

ሦስተኛውን ለራሴ ይዤዋለሁ። አንድ ሰው ዘገየ ሲሉኝ፣ ሰውየውን ከማየቴ በፊት እኔ ያስቀመጥኩትን ቁጥር አያለሁ። ማሽን ቢታሰር ምንም አይሰማውም፤ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ግን በራሱ እጅ ላይ እምነት ያጣል።